ያረጀውን ትራንስፈር በቤት ማደስ፦ ስለ ተሽከርካሪና ስለ አደራ

(የአጥቢያ ልማት ኮሚቴዎች ስለ ንብረት አያያዝ በተወያዩበት ጉባኤ በየካ አባዶ የቀረበ ንግግር)



 የተሰጠኝ ርእስ «ያረጀ የፎር ዊል መኪና ትራንስፈር በአነስተኛ ወጪ በቤት እንዴት ይታደሳል?» የሚል ነው። ስለ እድሳቱ በዝርዝር እናገራለሁ። ነገር ግን ትራንስፈሩ በምን ምክንያት እንደ ተበላሸ ሳልናገር እንዴት እንደ ታደሰ ብቻ ብነግራችሁ እውነቱን ለሁለት ከፍዬ ግማሹን እንደ ደበቅሁ ይቆጠርብኛል። ያበላሸሁት እኔ ነኝና። እኔ የምሕንድስና ምሁር አይደለሁም፤ መሪ ይዤ የኖርሁ ሾፌር፣ ሥራውንም ከመካኒኮች እጅ የለቀምሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ የምነግራችሁ በእጄ የነካሁትን ነው።

መኪናው ነጭ ቶዮታ ላንድክሩዘር ነው፤ ከኋላ በጎንና በጎን አግዳሚ ወንበር ያለው፣ ገጠር የሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ዐይነት። ላንድክሩዘር መሠራት የጀመረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1951 ሲሆን፣ የእኛ መኪና የሚመደብበት 70 የተባለው ተከታታይ በ1984 ወጥቶ እስከ ዛሬ ይመረታል። መኪናው ያገለገለ ሆኖ በስጦታ የተገኘ ነው። በሰሜን ሸዋ ለሚገኙ የገጠር አጥቢያዎች ችግኝና ሲሚንቶ ያመላልሳል፤ ምንጭ ለሚያጎለብቱ ሰዎች ቧንቧ ያደርሳል፤ ሌሊት በር ሲንኳኳ ደግሞ ሕመምተኛ ይጭናል።

በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ከአንድ ደጋ መንደር ቁልቁል ስንወርድ ከኋላ አንዲት ወላድ ሴት፣ እናቷ፣ አንድ ዲያቆንና የአጥቢያው ካህን ነበሩ። መንገዱ ጭቃ ነው። ፎር ዊሉን አስገብቼ፣ በዝቅተኛው ማርሽ፣ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝልኝ አድርጌ በዝግታ እወርዳለሁ። በቁልቁለቱ መካከል የትራንስፈሩ ማርሽ በራሱ ዘሎ ወጣ። ይህን ጊዜ ሞተሩና ጎማዎቹ ተለያዩ፤ መኪናውን የሚይዘው የእግር ፍሬን ብቻ ሆነ። በጭቃ ላይ የእግር ፍሬን ምን እንደሚያደርግ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ጎማው ይቆማል፣ መኪናው ግን ይንሸራተታል። ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ዳገቱ ጎን ተንሸራትተን ከአፈሩ ጋር ተደግፈን ቆምን። ዲያቆኑ ወርዶ ድንጋይ አስደገፈ። ወላዷን የመንደሩ ሰዎች በቃሬዛ እስከ ጥርጊያው መንገድ አወረዷት፤ ከዚያም ሌላ መኪና ወሰዳት። እርሷም ልጇም በሰላም ናቸው።

ኮሚቴው በማግሥቱ ተሰበሰበ። ካህኑ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ «ልጄ፣ ዘይቱ የታየው መቼ ነው?» እኔም «አባቴ፣ በየወሩ አያለሁ፤ ሁልጊዜ ሙሉ ነው» ብዬ መለስሁ። መዝገቡንም አውጥቼ አሳየኋቸው። በእያንዳንዱ ወር አንጻር በእጄ ጽሑፍ «ዘይት ታይቷል፣ ሙሉ ነው» ይላል። አልዋሸሁም። ነገር ግን የተናገርሁት እውነት አልነበረም፤ ይህ እንዴት እንደ ሆነ እመለስበታለሁ።

ከዚያ በኋላ ስለ መኪናው ዕጣ ክርክር ሆነ። አንዳንዶቹ «ይሸጥ» አሉ፤ ሌሎቹ «ሙሉ ትራንስፈር ይገዛ» አሉ። ጊዜው ግን አስቸጋሪ ነበር። በዚያው ወር፣ ሐምሌ 22 ቀን፣ የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያው ዓመት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉም ያሉት መኪኖች ሁሉ ዋጋቸው እንዲወደድ አንድ ምክንያት ሆነ። የሸጠ መልሶ አይገዛም። በመጨረሻም «ሳይከፈት አይፈረድበት» ተብሎ፣ መኪናው ተጎትቶ በሰንዳፋና በለገጣፎ በኩል ወደምኖርበት ወደ የካ አባዶ መጣ።

እዚህ ላይ ትራንስፈር ምን እንደ ሆነ በአጭሩ ላስረዳ። ከሞተር የሚወጣው ኃይል በፍሪሲዮን አልፎ ወደ ካምቢዮ ይገባል። ከካምቢዮው ጀርባ የተቀመጠው ሁለተኛው የጥርሶች ሳጥን ትራንስፈር ይባላል። ሥራው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች ያካፍላል። ሁለተኛ፣ ዝቅተኛው ማርሽ ሲገባ ፍጥነትን ቀንሶ ጉልበትን ያበዛል፤ በቅርብ ዓመታት በተሠሩት የ70 ተከታታይ መኪኖች ይህ ምጣኔ 2.488 ነው። ይህም ማለት ወደ ትራንስፈሩ የሚገባው ዘንግ ሁለት ጊዜ ተኩል ያህል ሲዞር የሚወጣው አንድ ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። በመካከል ሁለቱን የሚያገናኝ መካከለኛ ጥርስ አለ። በእኛ መኪና ይህ ጥርስ መኪናው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይዞራል፤ ፎር ዊል ቢገባም ባይገባም ዕረፍት የለውም። ዕድሜው የሚወሰነው በዘይቱ ነው።

በዚህ ዐይነቱ ትራንስፈር ውስጥ የፊትና የኋላ ጎማዎችን የመንገድ ልዩነት የሚያቻችል ዲፈረንሻል የለም። መኪና ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የረዘመ መንገድ ይሄዳሉ። በጭቃና በአሸዋ ላይ ጎማው ጥቂት ተንሸራትቶ ልዩነቱን ይተወዋል። በደረቅ አስፋልት ላይ ግን መንሸራተት ስለማይችል ጭንቀቱ ወደ ጥርሶቹና ወደ ዘንጎቹ ይመለሳል። ስለዚህ «ለጥንቃቄ» ብለው ፎር ዊል አስገብተው በአስፋልት የሚነዱ ሾፌሮቻችሁን ምከሩ።

አሁን ወደ ምርመራው ልለፍ። ከመፍታት በፊት ማዳመጥ ይገባል። ጩኸቱ የሚለወጠው ከካምቢዮው ማርሽ ጋር ከሆነ ነገሩ በካምቢዮው ውስጥ ነው። በየትኛውም ማርሽ፣ ፍጥነቱ አንድ እስከ ሆነ ድረስ ጩኸቱም አንድ ከሆነ፣ ትራንስፈሩን ወይም ዲፈረንሻሎቹን ጠርጥሩ። ማርሽ ዘሎ መውጣት፣ የማርሽ ዘንግ መንቀጥቀጥ፣ በዘንግ መውጫ ላይ የዘይት ላብ፤ እነዚህም ምልክቶች ናቸው።

ቀጥሎ ዘይቱ ይታያል። ዘይቱን ገና ሳይበርድ በንጹሕ ሳፋ አፍስሱት፤ በነጭ ጨርቅም አጥልሉት። በማፍሰሻው ቡሎን ማግኔት ላይ የሚገኝ እንደ ቅባት ያለ ግራጫ ዱቄት የተለመደ ነው። የሚያብለጨልጭ ቅርፊት ወይም የጥርስ ስባሪ ከተገኘ ግን ሳጥኑ ይከፈት። ቢጫ ብናኝ የነሐስ ክፍሎች እየተበሉ መሆናቸውን ያሳያል። ዘይቱ ወተት እንደ ገባበት ቡና ከነጣ ውኃ ገብቶበታል። ውኃ የሚገባው ብዙ ጊዜ በወንዝ መሻገሪያ ነው፤ የጋለው ሳጥን በድንገት ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ መተንፈሻው በጭቃ ከተደፈነ ውኃውን በዘይት መያዣ ጎማዎቹ በኩል ወደ ውስጥ ይስባል። ከክረምት በፊት መተንፈሻውን ማጽዳት ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

እኔም በየካ አባዶ መኪናውን በጠንካራ መደገፊያ ላይ አቁሜ በመጀመሪያ የካምቢዮውን የመሙያ ቡሎን ፈታሁ። ዘይቱ ከቀዳዳው ፈሰሰ፤ እንደ ወትሮው ሙሉ ነው። ቀጥዬ የትራንስፈሩን ፈታሁ። ይህኛው ቡሎን በጭቃ ተሸፍኖ፣ ቁልፍ በቀላሉ በማይገባበት ቦታ ያለና የዛገ ነበር፤ ለመፍታት ግማሽ ቀን ወሰደብኝ። ጣቴን አስገባሁ፤ ዘይት አላገኘሁም። ከታች ሳፈስሰው የወጣው ከአንድ ብርጭቆ ብዙ የማይበልጥ ጥቁር ዝቃጭ ነበር።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። በካምቢዮውና በትራንስፈሩ መካከል፣ ሁለቱን ዘይቶች የሚለይ አንድ የጎማ ቀለበት አለ፤ ባለሙያዎች ኦይል ሲል ይሉታል። ያ ቀለበት ሲያረጅ ዘይት ከአንዱ ሳጥን ወደ ሌላው ያልፋል። የእኛም ትራንስፈር ዘይቱን ቀስ በቀስ ለካምቢዮው ሰጥቶ ባዶውን ቀርቷል። መሬት ላይ አንዲት ጠብታ አልወደቀችም፤ ስለዚህ የሚያስጠረጥር ነገር አልነበረም። እኔ በየወሩ ለመክፈት የቀለለኝን ቡሎን ፈትቼ፣ ዘይት ሲፈስስ አይቼ፣ ደስ ብሎኝ «ሙሉ ነው» እያልሁ ጽፌአለሁ። ከልክ በላይ መሙላቱ ራሱ ሌላው ጎድሎ እንደሆነ የሚነግረኝ ምልክት ነበር። የከበደኝን ቡሎን ግን አልፈታሁም።

የማደሱ ሥራ የተሠራው በኮንዶሚኒየሙ ግቢ፣ ከኮሚናሉ ጀርባ ባለ ጥግ ነው። አስቀድሜ የነዋሪዎችን ኮሚቴ አስፈቀድሁ፤ አንዲት የዘይት ጠብታ ወደ ውኃ መውረጃው እንደማትገባም ቃል ገባሁ። የተቃጠለውን ዘይት በጀሪካን አጠራቅሜ ለሚሰበስቡት ሰጠሁ። ሳጥኑ ከባድ ነው፤ ብቻውን የሚያወርድ ሰው እጁን ወይም ደረቱን ያጣል። እኛ ሦስት ሆነን፣ በክሪክ ላይ ከእንጨት መቀመጫ ሠርተን አወረድነው። ክሪክ ማንሻ ነው፤ መደገፊያ አይደለም። በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር ማንም አይግባ።

ዕቃዎቹን በነጭ ጋዝ አጠብናቸው። ቤንዚን አልተጠቀምንም፤ ልጆች በሚጫወቱበት፣ እንጀራ በሚጋገርበት ግቢ የቤንዚን እንፋሎት እሳት ነው። ከፈታነው ሁሉ በፊት ፎቶግራፍ አነሣን። የወጣውን ዕቃ በወጣበት ቅደም ተከተል በካርቶን ላይ ደርድረን ቁጥር ጻፍንበት፤ ቡሎኖቹንና ቀለበቶቹን በእንቁላል መያዣ አስቀመጥን። ይህን ያላደረገ ሰው ሲገጥም አንድ ቀለበት ይተርፈዋል፤ ከየት እንደ ሆነም አያውቅም።

ሲታጠብ ጉዳቱ ተገለጠ። የመካከለኛው ጥርስ ዘንግ፣ መርፌ የሚመስሉት የኩሽኔታ ዘንጎች በሚሽከረከሩበት ቦታ ተበልቶ ነበር። ጥፍሬን በላዩ ስጎትት ያዘኝ፤ ጥፍር የሚይዝ ዘንግ አይመለስም። የጎን ቀለበቶቹ ሳስተዋል፤ የመውጫው ዘንግ ኩሽኔታዎች ተልጠዋል። ጥርሱ ቀጥ ብሎ መዞር ትቶ ስለሚያዘነብል፣ ጭነት ሲበዛበት ተንሸራታቹን ማርሽ ገፍቶ ያስወጣው ነበር። በቁልቁለቱ ላይ የሆነውም ይኸው ነው። ይሁን እንጂ ትልልቆቹ ጥርሶች ደኅና ነበሩ፤ ሳጥኑም አልተሰነጠቀም። «ሙሉ ትራንስፈር ይገዛ» ብንል ኖሮ ደኅናውን ሁሉ ጥለን እንደገና እንገዛ ነበር።

መለዋወጫውን ፍለጋ መርካቶ ሶማሌ ተራ ወረድሁ። በዚህ ረገድ የምመክራችሁ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ አሮጌውን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ። በኩሽኔታ ጠርዝ ላይ ቁጥር ተቀርጿል፤ በኦይል ሲል ላይም የውስጡ ስፋት፣ የውጪው ስፋትና ውፍረቱ በሚሊሜትር ተጽፎ ይገኛል፤ በስም ሳይሆን በቁጥር ግዙ። ሁለተኛ፣ ሾጣጣ ኩሽኔታ ሲለወጥ ውስጡና ውጪው አብረው ይለወጡ፤ አዲስ ውስጥ በአሮጌ ውጪ ላይ ብዙ አይቆይም። ሦስተኛ፣ ፕሮፎርማ ሰብስቡ፤ ያለ ደረሰኝም አትግዙ። ገንዘቡ የሕዝብ ሙዳየ ምጽዋት ነው።

በቤት የማይሠራም አለ። በኃይል ተጭነው የገቡ ኩሽኔታዎችን ማውጣት ፕሬስ ይፈልጋል፤ በመዶሻ የሞከረው ሰው ዘንጉን ያጎብጣል። የኩሽኔታው መቀመጫ በሳጥኑ ላይ ሰፍቶ ቢገኝ ደግሞ የቶርኖ ባለሙያ ጉዳይ ነው። እኛም የፕሬሱን ሥራ በክፍያ አሠራን። አዲሱን ኩሽኔታ ለማስገባት ግን በሙቅ ዘይት ውስጥ 100 ዲግሪ ገደማ ማሞቅ በቂ ነው፤ ይሰፋና ያለ ዱላ ይገባል። በእሳት መለብለብ ብረቱን ያለሰልሰዋል።

ስንገጥም አንድ ስሕተት ሠራሁ። ሾጣጣ ኩሽኔታዎች ልክ የሆነ ጥብቀት ይፈልጋሉ። ይህም ሺም በሚባሉ ስስ የብረት ቀለበቶች ይስተካከላል። ከላሉ ዘንጉ ይዋልላል፤ ከጠበቁ ይግላሉ። እኔ ሳጥኑን ዘግቼ ዘንጉን በእጄ ሳዞረው ጠብቆ አገኘሁት። ጎረቤታችን የሆኑ አንድ አረጋዊ መካኒክ ቆመው ያዩኝ ነበር።

«ጋሼ፣ ሲነዳ ይላላ ይሆናል» አልኋቸው።

«ልጄ፣ ኩሽኔታ ሲነዳ አይላላም፤ ይቃጠላል። ፍታው» አሉኝ።

ፈታሁት። በዘንጉ ላይ ክር ጠምጥመው፣ ክሩን ባለ ሞላ በሆነ የእጅ ሚዛን እየሳቡ ዘንጉ ስንት ሲመዝን መዞር እንደሚጀምር እንዴት እንደሚለካ አሳዩኝ። የመኪናው መመሪያ ከሚለው ልክ ጋር እስኪስማማ ሺም ጨመርን፣ ሦስት ጊዜ ዘጋን፣ ሦስት ጊዜ ፈታን። ተቀጥቅጠው የሚቆለፉትን ዳዶዎችና ኦይል ሲሎቹን በሙሉ በአዲስ ለወጥን፤ ነገሩን ሁሉ ያመጣችውን ያቺን የመካከለኛዋን ቀለበት በመጀመሪያ። ዘይቱንም መመሪያው እንዳዘዘው ሞላን። በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ መመሪያው ጂኤል-4 ሲል ጂኤል-5 የተሻለ ነው ብላችሁ አትለውጡ፤ በአንዳንድ ጂኤል-5 ዘይቶች ውስጥ ያለው ቅመም በካምቢዮ ውስጥ ያሉትን የነሐስ ክፍሎች ሊጎዳ ይችላል።

ለሙከራ መጀመሪያ ባዶውን፣ በዝግታ ነዳነው፤ ሳጥኑን በእጃችን ዳስሰን ግለቱን አየን። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር እንደ ሄደ የመጀመሪያውን ዘይት አፍስሰን በአዲስ ተካን፤ ሁለቱንም የመሙያ ቡሎኖች ፈትተን ለካን። ሁለቱም በልካቸው ነበሩ። ከዚያ በኋላ በጭነት፣ በቁልቁለት፣ በዝቅተኛው ማርሽ ሞከርነው። አልዘለለም።

መኪናውን ስመልስ የተለወጡትን አሮጌ ዕቃዎች በሙሉ በከረጢት ይዤ፣ ደረሰኞቹን አያይዤ በኮሚቴው ፊት አቀረብሁ። የተበላውንም ዘንግ በየእጃቸው አስያዝኋቸው። ከዚያም ለካህኑ «አባቴ፣ ባለፈው ዘይቱ ሙሉ ነው ብዬ ነበር፤ ያየሁት የአንዱን ሳጥን ብቻ ነው፤ ሌላውን ስላስቸገረኝ አልከፈትሁትም» አልኋቸው። ይህን ለመናገር ሳጥኑን ከማውረድ ይልቅ ከበደኝ። ከኋላ ማን ተቀምጣ እንደ ነበረ ሁላችንም እናውቃለንና። እርሳቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ቀጥለውም መዝገቡን አስመጡና በገጹ መካከል በእጃቸው መስመር አሰመሩ፤ በአንዱ ዓምድ ራስ «ካምቢዮ»፣ በሌላው «ትራንስፈር» ብለው ጻፉ። «ከእንግዲህ ለየብቻ ይጻፍ፤ ሾፌሩ ሲፈርም አንድ የኮሚቴ አባልም አብሮ አይቶ ይፈርም» አሉ። ቁልፉንም መልሰው ሰጡኝ።

ክቡራን አባቶች፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ በየአጥቢያችሁ እንዲህ ያለ መኪና፣ የውኃ መሳቢያ ሞተር ወይም የእህል ወፍጮ ያላችሁ ብዙ ናችሁ። ስለዚህ ወደየቤታችሁ ስትመለሱ ልታደርጉት የምትችሉትን ልጥቀስ። በመጀመሪያ፣ የዘይት መዝገባችሁን ክፈቱ፤ «ዘይት ታይቷል» ከማለት አልፎ የትኛው ሳጥን እንደ ታየ የሚናገር መሆኑን እዩ። የአንዱ ሳጥን ዘይት ከልኩ በላይ ሆኖ ከተገኘ ሌላውን በዚያው ቀን ክፈቱ። ለመፍታት አስቸጋሪ የሆነ ቡሎን ካለ አንድ ጊዜ አስፈትታችሁ፣ አጽድታችሁ፣ ቅባት ቀብታችሁ መልሱት፤ ያን ጊዜ በየወሩ የማይፈታበት ምክንያት አይኖርም። ማርሽ አንድ ጊዜ በራሱ ዘሎ ከወጣ መኪናው ተመርምሮ እስኪታወቅ ድረስ ሰው አይጫንበት። ሳይከፈት አይሸጥ፣ ሳይለካም ሙሉ ዕቃ አይገዛ። ሾፌራችሁ ጥፋቱን ሲናገር ስሙት፤ የሚቀጣበት ነገር ቢኖር እንኳ ከሰማችሁት በኋላ ይሁን። እኔን ያን ዕለት ሳይሰሙ ቢያባርሩኝ ኖሮ የሚተካኝ ሰው የቀለለውን ቡሎን ብቻ እየፈታ «ሙሉ ነው» እያለ ይጽፍ ነበር።

መኪናው ዛሬም ይሠራል። በዚህ ሳምንት ችግኝ ጭኖ ወጥቷል። ከመውጣቱ በፊት ሁለቱም ቡሎኖች ተፈትተዋል፤ በሁለቱም ዓምዶች ሁለት ሁለት ፊርማ አለ።